ለራስ ቅል ወለል ዕጢ የሚሰጥ የፕሮቶን ጨረር፦ መሣሪያዎቹ በምን ይለያያሉ?

(የማኅበራችን የጤና ክፍል በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያቀረበው ንግግር)



የዛሬው ርእስ ከወትሮው ይከብዳል። ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ጡት ምርመራ ስንነጋገር ሁላችንም ከቤታችን የምናውቀው ነገር ነበር። የፕሮቶን ጨረር ሕክምናን ግን አብዛኞቻችን የሰማነው በዚህ ዓመት አንዲት እኅታችን ስትታመም ነው። ስሟን አንጠራም። ታሪኩን እንድናነሣ ግን እሷም ቤተሰቧም ፈቅደውልናል። ከአፍንጫዋ በስተኋላ፣ የራስ ቅሏ ወለል ላይ፣ ኮርዶማ የሚባል ዕጢ ተገኘባት። ቀዶ ሐኪሞቹ በአፍንጫዋ ቀዳዳ በኩል ገብተው አብዛኛውን አወጡላት፤ ከአንጎል ግንድ ጋር የተጣበቀውን ቀሪ ግን ሊነኩት አልደፈሩም። ለዚያ ቀሪ የፕሮቶን ጨረር ታዘዘላት።

ወደ እኛ የመጣው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አንዱ ዘመዷ "እዚህ አቅራቢያ ያለው ማሽን ትንሽ ነው፤ ለዚህ አይሆንም" አለ። ሌላው ከሩቅ ስቴት ደውሎ "እኛ ጋ ያለው የመጨረሻው ዘመናዊ ነው፤ እዚህ አምጧት" አለ። በዚህ መካከል የመረዳጃ ገንዘባችን ለጉዞና ለቤት ኪራይ እንዲወጣ ማመልከቻ ቀረበ። ገንዘቡ የእናንተ ነው። ሕክምናው ሁለት ወር ሊጠጋ ይችላል፤ እኅታችንም ከልጆቿና ከሥራዋ ተለይታ ነው የምትሄደው። እንግዲህ "የተሻለ ማሽን" የሚባለው ነገር በእርግጥ ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብን።

የጤና ክፍላችን ውስጥ ሁለት ነርሶች፣ አንዲት የፋርማሲ ቴክኒሽያንና አንዲት የኤክስሬይ ባለሙያ አሉ፤ ሐኪም ግን የለንም። ስለዚህ የምንነግራችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ነው፤ የሐኪሙን ሥራ ለሐኪሙ እንተዋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከቦታው እንጀምር፤ የነገሩ ሁሉ ሥር ቦታው ነውና። የራስ ቅል ወለል ማለት አንጎል የተቀመጠበት አጥንት ነው። መሐሉ ላይ፣ ልክ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ አጥንት አለ። ከበላዩ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ፤ እዚያው ሆርሞን የሚያመነጨው ፒቱታሪ ተቀምጧል። በግራና በቀኝ ወደ አንጎል ደም የሚወስዱት ትልልቅ ደም ሥሮች ያልፋሉ። ከኋላው፣ በሚሊ ሜትሮች ርቀት፣ ትንፋሽንና መዋጥን የሚያዝዘው የአንጎል ግንድ አለ። ኮርዶማ የሚበቅለው እዚህ ነው። በእርግጥ ከታች በጅራት አጥንትና በአከርካሪም ይበቅላል፤ ሢሶው ያህል ግን የራስ ቅል ወለል ላይ ነው። በፅንስነታችን ጊዜ ለአከርካሪ መሥሪያ ከነበረው ጅማት መሰል ነገር ተርፎ ከቀረ ሕዋስ ይነሣል። እጅግ ብርቅ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው አንድ ሰው ያህል ይይዛል። ቀስ እያለ ስለሚያድግ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክቱ ራስ ምታትና አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ነው። መነጽር ሲቀያየር ወራት የሚያልፉበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንድ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ አንዱን ዓይን ስትሸፍኑ ደግሞ ከተስተካከለ፣ መነጽር ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ይህ ከርእሳችን ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆንም ሳንናገረው ማለፍ አልፈለግንም።

የዚህ ዕጢ ቅርብ ዘመድ የሚመስል ኮንድሮሳርኮማ የሚባልም አለ፤ ከቅርጭጭት የሚነሣ ነው። ሁለቱን በማይክሮስኮፕ መለየት ልምድ ይጠይቃል፤ ልዩነቱም ትልቅ መሆኑን ወደ በኋላ በቁጥር እናያለን።

ኮርዶማ ለተራ የጨረር መጠን አይበገርም። ጨረር የሚለካበት አሃድ ግሬይ ይባላል። ኮርዶማን ለመያዝ ከ70 በላይ፣ ብዙ ጊዜም 74 ግሬይ ያህል ያስፈልጋል። የአንጎል ግንድ ግን ይህን አይችልም። በዚህ ሕክምና የቆዩ ማዕከላት ከግንዱ ላይኛ ገጽ 64 ግሬይ ያህል እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ መሐሉ ደግሞ ከዚያም በታች መሆን አለበት። ለዓይን ነርቮች የሚፈቀደው ከ60 በታች ነው። አስቡት፤ ዕጢው ግንዱን ነክቶ ተቀምጧል። እዚህ ጋ 74፣ ከዚያ በሁለት በሦስት ሚሊ ሜትር ዐልፎ 64 እና ከዚያ በታች። በማሽኖቹ መካከል ያለው ክርክር ሁሉ ይህቺን ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዴት እንደሚያልፏት ነው።

ኤክስሬይ በሰውነት ውስጥ ገብቶ በሌላኛው ወገን ይወጣል፤ በመንገዱ ያለውን ሁሉ ይነካል። ፕሮቶን ግን እንደተሰጠው ጉልበት የተወሰነ ርቀት ገብቶ ይቆማል። ከመቆሙ በፊት ባለችው አጭር ርቀት አብዛኛውን ኃይሉን ይጥላል፤ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ይህን ጠባዩን ለሕክምና መጠቀም እንደሚቻል ሮበርት ዊልሰን የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1946 ጻፈ። በ1954 ካሊፎርኒያ በርክሊ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ታከሙ።

ለራስ ቅል ወለል ዕጢ ግን ዋናው ታሪክ ያለው ቦስተን አካባቢ ነው። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለፊዚክስ ምርምር የሠራው አንድ ሳይክሎትሮን ነበረው፤ ሳይክሎትሮን ፕሮቶንን እያሽከረከረ የሚያፈጥን ማሽን ነው። የማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ሐኪሞች ከ1961 ጀምሮ እዚያ ሕሙማን ማከም ጀመሩ። ከ1974 ጀምሮ ደግሞ ጨረሩን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለው ለራስ ቅል ወለል ዕጢዎች ሰጡ። ጨረሩ ከግድግዳ በአግድም ብቻ ነበር የሚወጣው፤ ጨረሩ ስለማይዞር ሕመምተኛውን ያዞሩ ነበር። ማሽኑ በ2002 እስኪዘጋ ድረስ ከ9,000 በላይ ሰዎች ታክመውበታል።

እዚያ የሚሠራበት ዘዴ መበተን ይባላል። ከማሽኑ የሚወጣው ፕሮቶን እንደ ክር ቀጭን ነው። በብረት ቅጠል ውስጥ አሳልፈው ይበትኑትና ዕጢውን የሚሸፍን ስፋት ይሰጡታል። ውፍረቱ እየተለያየ የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ጥልቀቱን ያለያየዋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ፣ ለእያንዳንዱም አቅጣጫ፣ የዕጢው ቅርጽ የተቆረጠበት ወፍራም የናስ ሰሌዳ ይሠራል፤ ጨረሩ በቀዳዳው ብቻ ያልፋል። በላዩ ላይ ከሰም ወይም ከፕላስቲክ የተቀረጸ ሌላ ቁራጭ ይገጠምና ጨረሩ በዕጢው የኋላ ድንበር ላይ እንዲቆም ያደርገዋል። በካርቶን ላይ ቅርጽ ቆርጦ ቀለም እንደ መርጨት ነው። ዳሩ ሹል ሆኖ ይወጣል።

ጉድለቱ ከፊት ለፊት በኩል ነው። የጨረሩ ጥልቀት በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ውፍረት ስላለው፣ ከኋላ ከዕጢው ጋር ሲገጥም ከፊት ያለውን ጤነኛ ሥጋም ሙሉውን መጠን ያስጠጣዋል። ቅርጹ ግንዱን እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ለሚያቅፍ ዕጢ ደግሞ አንድ አቅጣጫ አይበቃም፤ ዕጢውን ከፋፍለው በየአቅጣጫው እንደ ልብስ መጣፍ ነበረባቸው። ፕሮቶኑ ናሱን ሲመታ ኒውትሮን የሚባል ሌላ ጨረርም ይፈጠራል፤ ይህ በተለይ ለሕፃናት የሚያሳስብ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ መቃኘት ነው። ስዊዘርላንድ ቪሊገን በሚገኘው የፓውል ሼረር ተቋም በ1996 ሥራ የጀመረው ማሽን በሕመምተኛው ዙሪያ እየዞረ በዚህ ዘዴ የሚያክም የመጀመሪያው ነበር። እዚህ ፕሮቶኑን አይበትኑትም። ቀጭኑን ጨረር በማግኔት ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየመሩ ነጥብ በነጥብ ያስቀምጡታል፤ አንዱ ንብርብር ሲያልቅ ጉልበቱን ቀንሰው ወደሚቀጥለው ንብርብር ይመጣሉ። የመጀመሪያው ቀለም መርጨት ከሆነ ይሄኛው ጥልፍ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ነጥብ ይጠለፋል፣ ለያንዳንዱም ነጥብ የሚሰጠው መጠን ይለያያል። ስለዚህ ከፊትም ከኋላም የዕጢውን ቅርጽ መከተል ይችላል። ለየሰው የሚቀረጽ ናስም አያስፈልገውም። ሂዩስተን የሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን በ2008 በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመጀመሪያው ሆኖ ይህን ዘዴ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የተከፈቱት ማዕከላት በአብዛኛው ይህንኑ ይጠቀማሉ።

እስከዚህ የሰማ ሰው "እንግዲያው መቃኘት አሸነፈ" ይላል። እኛም መጀመሪያ ስናነብ የመሰለን ነገሩ እዚህ የሚያበቃ ነበር። ግን የጥልፍ መርፌም ውፍረት አለው። የጨረሩ ነጥብ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ስፋት አለው፤ ጉልበቱ ዝቅ ባለ ቁጥርም ይሰፋል። ማሽኖቹ የሚሰጡት ዝቅተኛ ጉልበት እንኳ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል፤ ከዚያ ቀረብ ላለው ክፍል በጨረሩ መንገድ ላይ የፕላስቲክ ሰሌዳ ያስገባሉ፣ ሰሌዳው ደግሞ ነጥቡን ይበልጥ ያሰፋዋል። የራስ ቅል ወለል ጥልቅ ቦታ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ቦታ ላይ፣ ከጎን በኩል ያለው ዳር፣ ናስ ከቆረጠው የድሮ ጨረር ይልቅ የደበዘዘ ሊሆን ይችላል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ልክ ይህን ዳር ነው፤ የአንጎል ግንድ ያለው እዚያ ነውና። ለዚህ ነው አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች በሚቃኘው ጨረር ላይ ከዳር የሚቆርጥ ብረት መልሰው የጨመሩት። የተጣለው ብረት ተመልሶ መጣ። "አሮጌ" ብለን የናቅነው ነገር ለአንድ ቦታ የሚሆን ሙያ እንደነበረው ይህ ያሳያል፤ እዚህ ላይ ከጤና ክፍላችን አንዷ "ሞሰቡን ጥለን እንደገና የገዛነው መሆኑ ነው" ብላ አስቃናለች።

ሁለቱንም ዘዴ እኩል የሚያስቸግር ሌላ ነገር አለ፤ በእኛ እምነት ከማሽኑ ስም ይልቅ ልታስቡበት የሚገባው ይህ ነው። ፕሮቶን ይቆማል ብለናል። የት እንደሚቆም የሚሰላው ግን ከሲቲ ምስል ነው፤ ስሌቱም ፍጹም አይደለም። ብዙ ማዕከላት ከጥልቀቱ 3.5 በመቶ ያህል፣ በዚያ ላይ 1 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሚሊ ሜትር ለጥርጣሬ ይተዋሉ። በ8 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይህ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከዕጢውና ከግንዱ መካከል ያለው ክፍተት ግን ከዚህ ሊያንስ እንደሚችል አይተናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጨረሩን በቀጥታ ወደ ግንዱ አነጣጥረው "እዚህ ጋ ይቆምልናል" ብለው አይተማመኑም፤ በተቻለ መጠን በጎን አሳልፈው ከዳሩ ጋር ይሠራሉ። ፕሮቶን ሊቆም ሲል የሚያደርሰው ጉዳት በስሌት ከሚታሰበው ከፍ ሊል ስለሚችልም የመጨረሻዋን ጫፍ ግንዱ ውስጥ ማሳረፍ አይፈልጉም።

ደግሞ ሰው አይታተም፤ ይለዋወጣል። ጨረሩ የሚያልፈው በአፍንጫና በሳይነስ ባዶ ቦታዎች ነው። በአፍንጫ በኩል ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ እነዚህ ቦታዎች አንድ ሳምንት ንፍጥ ይሞሉና በሚቀጥለው ይደርቃሉ። ባዶ የነበረው ሲሞላ ፕሮቶኑ ቀድሞ ይቆማል፤ ሞልቶ የነበረው ሲደርቅ አልፎ ይሄዳል። ዕቅዱ በመጀመሪያው ቀን ምስል ላይ ብቻ ተሠርቶ ለሰባት ሳምንት ካልታየ፣ ማሽኑ ምንም ዘመናዊ ቢሆን ጨረሩ የታሰበበት አይደርስም። ቀዶ ሐኪሙ አንገት ላይ የቲታኒየም ብሎን አስገብቶ ከሆነም ምስሉ ላይ ጥላ እየጣለ ስሌቱን ያበላሻል። ይህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢነሣ ይሻላል፤ ቀዶ ሐኪሙና የጨረር ሐኪሙ አስቀድመው መነጋገራቸው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ። በመበተን ዘዴ የተሠራው የቦስተን ሥራ በ1999 ታትሟል፤ ፕሮቶኑን ከኤክስሬይ ጋር አጣምረው ያከሟቸው 519 የራስ ቅል ወለል ሕሙማን ነበሩ። ኮርዶማ ካለባቸው ውስጥ ዕጢው በታከመበት ቦታ ሳይመለስ 5 ዓመት የቆየላቸው 73 በመቶ፣ 10 ዓመት የቆየላቸው 54 በመቶ ናቸው። ለኮንድሮሳርኮማ ቁጥሩ 98 እና 94 በመቶ ነበር። በመቃኘት ዘዴ የተሠራው የስዊዘርላንድ ውጤት በ2016 ወጣ። ከ222 ሕሙማን መካከል በ7 ዓመት ለኮርዶማ 71 በመቶ ገደማ፣ ለኮንድሮሳርኮማ 94 በመቶ ገደማ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ስታዩ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በዘዴዎቹ መካከል ካለው ልዩነት ይልቅ በዕጢዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "የትኛው ማሽን?" ከመሆኑ በፊት "ናሙናውን ያየው ማነው?" መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የቦስተኑ 54 በ10 ዓመት ነው፣ የስዊዘርላንዱ 71 በ7 ዓመት ነው፤ አንድ ላይ አስቀምጦ "17 በመቶ ይበልጣል" ማለት አይቻልም። በሁለቱ መካከል ደግሞ ኤምአርአይ ተሻሽሏል፣ ቀዶ ሕክምናም ተሻሽሏል። ያልተወጣ ዕጢ ከበዛ ወይም ግንዱን ከተጫነ ውጤቱ እንደሚቀንስ ሁለቱም ወገኖች ይናገራሉ። ከማሽኑ በፊት የቀዶ ሐኪሙ እጅ ማለፉን አትርሱ።

በእኛ አካባቢ ያለውን እንይ። ባልቲሞር የሜሪላንድ ፕሮቶን ማዕከል በ2016 ተከፍቷል። ዋሽንግተን ውስጥ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በ2018፣ የጆንስ ሆፕኪንስ ክፍል የሆነው ሲብሊ ሆስፒታል በ2019 ጀምረዋል። ሦስቱም በመቃኘት ዘዴ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ "አሮጌውና አዲሱ" የሚለው የዘመዶቻችን ክርክር እዚህ አካባቢ ቦታ የለውም። ልዩነቱ ፕሮቶኑን በሚያፈጥኑበትና ጉልበቱን በሚቀንሱበት መንገድ ላይ ነው። ባልቲሞር ያለው ትልቅ ሳይክሎትሮን ለበርካታ ክፍሎች ያከፋፍላል፤ ፕሮቶኑን ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት ያወጣና ገና ከሕመምተኛው ሩቅ ሳለ ይቀንሰዋል፣ የተበታተነውንም በመንገድ ላይ ያጣራዋል። ሲብሊ ያለው ሲንክሮትሮን የሚፈለገውን ጉልበት ከመነሻው ሰጥቶ ያወጣል። ጆርጅታውን ያለው ደግሞ ባለ አንድ ክፍል ነው፤ ማፍጠኛው ራሱ በሕመምተኛዋ ዙሪያ ይዞራል። ጉልበቱን የሚቀንሰው እሷ አጠገብ በሚገቡ ሰሌዳዎች ነው። ይህ ነጥቡን ስለሚያሰፋው እያንዳንዱን ንብርብር ከዳር የሚቆርጡ ትንንሽ የብረት ጣቶች ተገጥመውለታል። "ትንሽ ነው" የተባለው ማሽን እንዲህ ያለው ነው። ትንሽነቱ ሕንጻውን እንጂ ሕክምናውን አያሳንስም። ትልቁ ማሽን የሚያዞረው ብረት 100 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ የቦታና የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ለቤተሰቡ የነገርናቸው ይህን ነው። ማሽኑን ለማየት ብላችሁ አትጓዙ። ልምድ ለማግኘት ከሆነ ግን ልትጓዙ ትችላላችሁ። በስንት ዓመት አንድ ጊዜ ኮርዶማ የሚያይ ቦታና በየወሩ የሚያይ ቦታ አንድ አይደሉም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ማሽን ቢኖራቸውም። ሐኪሙን "በዓመት ስንት የራስ ቅል ወለል ኮርዶማ ታክማላችሁ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። እኛ ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት እየመሰለን አድገናል፤ እዚህ አገር ግን ይጠበቃል። ከዚያም ምስሉን በሕክምናው መካከል በየስንት ጊዜው እንደሚደግሙ፣ በየቀኑ ከጨረሩ በፊት አቀማመጧን በምን እንደሚያረጋግጡ፣ በኤክስሬይ ብቻ ነው ወይስ እዚያው ክፍል ውስጥ በሲቲ፣ ግንዱና የዓይን ነርቮቿ ስንት ግሬይ እንደሚደርስባቸው፣ ዕጢው ውስጥ ለግንዱ ሲባል የተተወ ክፍል እንዳለ ጠይቁ። ማሽኑ ቢበላሽ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቁ፤ ባለ አንድ ክፍል ማዕከል ላይ ይህ ጥያቄ ክብደት አለው፤ ሕክምናው ለቀናት መቋረጡ ጥሩ አይደለምና። መልሱን ጽፋችሁ ያዙ። ሌላ ማዕከል ምስሎቹን አይቶ ሁለተኛ አስተያየት እንዲሰጥ ማድረግ ብዙ ጊዜ ሳይጓዙ ይቻላል።

አስተርጓሚ ጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ ግዴታው ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለእናቷ "የአንጎል ግንድ" የሚለውን ቃል ፈልጋ እንድታስተረጉም አታድርጉ።

የኢንሹራንሱ ነገር ብቻውን ስብሰባ ይፈልጋል። ባጭሩ፣ የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ሊሆን ይችላል፤ የእኅታችንም እምቢታ ነበር። ያ የመጨረሻ አይደለም። የአሜሪካ የጨረር ኦንኮሎጂ ማኅበር፣ አስትሮ የሚባለው፣ የራስ ቅል ወለል ዕጢዎችን፣ ኮርዶማና ኮንድሮሳርኮማን ስማቸውን ጠቅሶ፣ ፕሮቶን ይገባቸዋል ከሚላቸው ከመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ሐኪሙ ይህን ጠቅሶ፣ የፕሮቶኑንና የኤክስሬዩን ዕቅድ ጎን ለጎን አሳይቶ ይግባኝ ይላል። ማኒንጂዮማ የሚባለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ያልሆነው ዕጢ ላለባቸው ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። ብዙዎቹ በተለመደው ጨረር ደኅና ይታከማሉ፤ "ፕሮቶን ተከለከልኩ" ብሎ ማዘን ሁልጊዜ አያስፈልግም።

ከአገር ቤትም ጥያቄ ደርሶናል። ኢትዮጵያ ውስጥ የፕሮቶን ማዕከል የለም። ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን አጠገብ ከ1993 ጀምሮ በመበተን ዘዴ የሚያክም ነበር፤ አሁን ሥራውን አቁሟል። ወገኖቻችን ለሕክምና በሚሄዱባት ሕንድ፣ ቼናይ ከተማ፣ በ2019 የተከፈተ የፕሮቶን ማዕከል አለ። ለዘመድ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ምስሉንና የናሙናውን ውጤት አስልኩና ዕጢው በእርግጥ ምን እንደሆነ ይረጋገጥ።

ወደ ገንዘባችን እንመለስ። 74 ግሬይ በቀን 2 ግሬይ ሲሰጥ 37 ቀን ነው። በሳምንት አምስት ቀን ስለሆነ ሰባት ሳምንት ተኩል ይፈጃል። በየቀኑ ፊቷ ላይ ጭንብል ታስሮ ትተኛለች፤ ጨረሩ አያምም፤ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ግን ድካሙ ይመጣል፣ አፏ ይደርቃል፣ ምግብ ይሰለቻታል። እሷ መንዳት የለባትም። እኅታችን በመጨረሻ ከቤቷ አርባ ደቂቃ ርቆ በሚገኝ ማዕከል እንድትታከም ከሐኪሞቿ ጋር ወስናለች፤ ምስሎቿን ደግሞ ኮርዶማ ብዙ የሚያይ ሌላ ማዕከል ተመልክቶ በዕቅዱ ላይ አስተያየት ሰጥቷል። ለዚያ አስተያየት የወጣው ወጪ ከአንድ የአውሮፕላን ቲኬት ያነሰ ነው።

ስለዚህ የጤና ክፍላችን ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ ያቀርባል። አንደኛው፣ ከመረዳጃ ገንዘቡ ለጉዞ ከመክፈላችን በፊት ለሁለተኛ አስተያየት እንድንከፍል። ከዚያ በኋላ ሐኪሞቹ ራሳቸው "ሩቅ መሄድ አለባት" ካሉ ገንዘቡ ይውጣ፤ የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር በተለያዩ ከተሞች ሕሙማንን በነጻ የሚያሳርፍባቸው ሆፕ ሎጅ የሚባሉ ቤቶች ስላሉት ከኪራይ በፊት እዚያ ይጠየቅ። ሁለተኛው፣ ለእኅታችን 37 ቀን የመኪና ተራ ይውጣ። እስካሁን የተያዙት 22 ቀናት ናቸው፤ የቀሩት 15 አብዛኞቹ ሐሙስና ዓርብ ጠዋት ላይ ናቸው። የተራው መዝገብ በር አጠገብ፣ ከቡናው ጠረጴዛ ላይ አለ። ማታ የሚሠሩ እኅቶች የጠዋቱን ቢይዙልን ደስ ይለናል፤ መንዳት የማትችሉ ደግሞ ልጆቿን ከትምህርት ቤት የምትቀበሉበት ሌላ ገጽ ከሥሩ አለ።